ያልተሸመነ የልብስ ጨርቅ

ያልተሸመነ ጨርቅ ክር ሳይፈተል፣ ድርና ማግ ሳይገናኝ፣ ፋይበርን በቀጥታ አንጥፎና እርስ በርሱ አያይዞ የሚሠራ ጨርቅ ነው። የሚያያዘው በሙቀት፣ በሙጫ፣ በመርፌ ወይም በኃይለኛ የውሃ ግፊት ነው። የፊት ጭንብል፣ የሕፃናት ዳይፐር፣ የቀዶ ጥገና ጋውን፣ እንዲሁም ልብስ ሰፊዎች የኮት አንገትጌ ውስጥ በካውያ የሚለጥፉት ስስ ድጋፍ ከዚህ ወገን ናቸው። ምርቱ ፈጣንና ርካሽ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ለብሰውት የሚውሉትን ምቹ ጨርቅ በዚህ መንገድ ማውጣት ግን አስቸጋሪ ሆኖ ቆይቷል። ጨርቁን የሚያጠነክረው የፋይበሮቹ መያያዝ ሲሆን፣ የሚያለሰልሰው ደግሞ እንደ ልብ መንቀሳቀሳቸው ነው። የዲዛይኑ ሥራ በአብዛኛው እነዚህን ሁለት ተቃራኒ ፍላጎቶች ማስታረቅ ነው።

ታሪክ

ሳይሸመን የሚለበስ ነገር ጥንታዊ ነው። የመካከለኛው እስያ አርብቶ አደሮች የበግ ጠጉር በውሃ አርሰውና ደብድበው ፌልት ይሠራሉ፤ የቱርክ እረኞች ኬፔኔክ የሚሉት ወፍራም ካባም የሚሠራው ከዚሁ ነው። በኡጋንዳ የባጋንዳ ባለሙያዎች ከሙቱባ ዛፍ የተላጠውን ልጥ በእንጨት መዶሻ እየቀጠቀጡ ስስ ልብስ ያወጣሉ፤ ዩኔስኮ ይህን ጥበብ እ.ኤ.አ. በ2008 በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል።

የፋብሪካው ምርት የተስፋፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። የጀርመኑ ፍሮይደንበርግ ኩባንያ በ1940ዎቹ መጨረሻ ያልተሸመነ የልብስ ድጋፍ ለገበያ አቀረበ። በ1949 በምሥራቅ ጀርመን ሃይንሪክ ማወርስበርገር ማሊሞ የተባለውን ዘዴ ፈለሰፈ፤ በዚህ ዘዴ የተነጠፈ ክር ወይም ፋይበር ተሰፍቶ ጨርቅ ይሆናል።

በ1966 የአሜሪካው ስኮት የወረቀት ኩባንያ በሬዮን መረብ ከተጠናከረ የእንጨት ፐልፕ የተሠራ ቀሚስ በ1.25 ዶላር ለገበያ አወጣ። ለማስታወቂያ የታሰበው ቀሚስ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ተሸጠ። ይሁን እንጂ ይቀደድ ነበር፤ ይጨማደድም ነበር፤ በሰውነት ላይም አይወርድም ነበር። ፋሽኑ ከጥቂት ዓመታት በላይ አልዘለቀም። በ1970 ግን በጃፓኑ ቶሬይ ኩባንያ የሚዮሺ ኦካሞቶ ሥራ አልትራስዊድን አስገኘ። ይህ ለስላሳ ቆዳ የሚመስል ጨርቅ በ1972 በአሜሪካዊው ዲዛይነር ሃልስተን የሸሚዝ ቀሚስ አማካይነት የታወቀ የልብስ ጨርቅ ሆነ።

የግትርነት ምክንያት

ነጠላ ትከሻ ላይ ሲጣል ሰውነትን ተከትሎ የሚወርደው ድሩና ማጉ በተገናኙበት ቦታ ሁሉ ትንሽ ስለሚንሸራተቱ ነው። ጨርቁ ሰያፍ ሲጎተት ድሩና ማጉ የሠሯቸው ካሬዎች ይጋደላሉ፤ ክሩ ውስጥ ያሉት ፋይበሮችም እርስ በርሳቸው ይተላለፋሉ። በሙቀት ወይም በሙጫ የተያያዘ ንጣፍ ግን ይህ ነፃነት የለውም። እያንዳንዱ ማያያዣ ነጥብ ፋይበሮቹን ስለሚቆልፍ ጨርቁ ሲታጠፍ እንደ ወረቀት ይሰበራል እንጂ አይተጣጠፍም። ክርንና ጉልበት ላይ ሲለጠጥም ወደ ቦታው አይመለስም፤ እንደተነፋ ይቀራል።

የምቾት መለኪያዎች

ጨርቅ በሰውነት ላይ እንዴት እንደሚወርድ ለማወቅ ኩሲክ በተባለው ዘዴ 30 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ክብ ናሙና 18 ሴንቲሜትር በሆነ ክብ ሰሌዳ ላይ ይዘረጋል። ተንጠልጥሎ የቀረው ጠርዝ የሚጥለው ጥላ ሲጠብ ጨርቁ በደንብ ይወርዳል ማለት ነው። ጃፓናዊው ሱኦ ካዋባታ ደግሞ እጅ የሚሰማውን ስሜት ወደ ቁጥር የሚለውጡ መሣሪያዎች ሠርቷል፤ መሣሪያዎቹ ጨርቁ በትንሽ ኃይል ሲጎተት፣ ሲጋደል፣ ሲታጠፍና ሲጨመቅ የሚያሳየውን ጠባይ፣ እንዲሁም የገጹን ልስላሴ ይለካሉ። ሙቀት የመያዝ አቅም በክሎ ይለካል፤ 1 ክሎ 0.155 ካሬ ሜትር ኬልቪን በዋት ነው። ላብ በእንፋሎት መልክ ምን ያህል እንደሚወጣ የሚታወቀው ደግሞ እርጥበት በሚያወጣ፣ በቆዳ ሙቀት ልክ በሞቀ ሳህን ላይ ነው።

የፋይበር ምርጫ

የክብ ፋይበር ግትርነት ከውፍረቱ እጅግ ፈጥኖ ያድጋል፤ ውፍረቱ በእጥፍ ሲጨምር ግትርነቱ 16 እጥፍ ይሆናል። አንድ ፋይበር እኩል 16 ቦታ ቢሰነጠቅና ስንጣሪዎቹም ክብ ቢሆኑ፣ የሁሉም ግትርነት ተደምሮ ከመጀመሪያው አንድ አሥራ ስድስተኛ ብቻ ይሆናል። ይህ የሚሠራው ግን ስንጣሪዎቹ ለየብቻ መንቀሳቀስ ከቻሉ ነው፤ በሙጫ ከተጣበቁ ጥቅሙ ይጠፋል። ኤቮሎን የተባለው የፍሮይደንበርግ ጨርቅ የተገነባው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው። ከፖሊስተርና ከናይለን በአንድነት የወጣው ፋይበር በኃይለኛ ውሃ ሲመታ ወደ 16 ስንጣሪዎች ይከፈላል፤ ስንጣሪዎቹም በዚያው ምት ያለ ሙጫ ይጠላለፋሉ።

በቆዳ ላይ ለሚለበስ ልብስ እርጥበት የመሳብ አቅምም ይታያል። በመደበኛ የቤተ ሙከራ አየር ጥጥ ከክብደቱ 8 በመቶ ገደማ፣ ቪስኮስ ከ12 እስከ 13 በመቶ ውሃ ይይዛል። ፖሊስተር ከግማሽ በመቶ ያነሰ ሲይዝ ፖሊፕሮፒሊን ምንም አይስብም ማለት ይቻላል። ከ30 ማይክሮን በላይ የወፈሩ የፋይበር ጫፎች ቆዳን ስለሚወጉ ከገጹ መራቅ አለባቸው።

አነጣጠፍና አያያዝ

ፋይበሩ ተባዝቶ ሲነጠፍ አብዛኛው ወደ ማሽኑ አቅጣጫ ይተኛል። ጨርቁም በርዝመቱ ጠንካራ፣ በወርዱ ደካማ ይሆናል። ንጣፎችን አጋድሞ በመደራረብ ልዩነቱን ማጥበብ ይቻላል።

በሙቀት ሲያያዝ ሙሉውን ገጽ ከማቅለጥ ይልቅ በትናንሽ ነጥቦች መጫን ይሻላል። በነጥቦቹ መካከል ያለው ፋይበር ነፃ ሆኖ ይቀራል፤ ነጥቦቹ ሲራራቁ ጨርቁ ይለሰልሳል፣ ገጹ ግን ቶሎ ይንጨፈረራል። በውሃ ግፊት ማያያዝ ለልብስ ይበልጥ ይስማማል። የፀጉር ያህል የቀጠኑ የውሃ ጅረቶች ፋይበሮቹን ያጠላልፋሉ፤ የሚይዛቸው ሰበቃ ብቻ ስለሆነ ጨርቁ ሲታጠፍ ይንሸራተታሉ። አልትራስዊድ ሌላ መንገድ ይከተላል፦ እጅግ ቀጫጭን ፋይበሮች በሌላ ፖሊመር ተከበው ይወጣሉ፤ በመርፌ ተጠቅጥቀው ከተያያዙ በኋላ ከባቢው በኬሚካል ሟሙቶ ይወገዳል፤ ባዶውን ቦታም የሚለጠጥ ፖሊዩሬቴን ይሞላዋል። ፖሊዩሬቴኑ የተለጠጠውን ጨርቅ ወደ ቦታው ይመልሰዋል።

አቆራረጥና ስፌት

ያልተሸመነ ጨርቅ ጠርዙ ስለማይተረተር ሳይታጠፍ መተው ወይም በአልትራሳውንድ መበየድ ይቻላል። ስፌቱ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የተጠጋጉ የመርፌ ቀዳዳዎች ጨርቁን በመስመር ላይ ለመቀደድ ያዘጋጁታል። ሰያፍ ተቆርጦም እንደ ሽመና ጨርቅ አይለመጥም። ስለዚህ ዲዛይነሩ ለክርንና ለጉልበት የሚያስፈልገውን ስፋት በአቆራረጡ አስቀድሞ ይሰጣል።

ወሰኑ

በመስከረም 2022 ኮፐርኒ የተባለው የፋሽን ቤት በፓሪስ መድረክ ላይ በሞዴሏ ቤላ ሃዲድ ገላ ላይ ፈሳሽ እየረጨ ቀሚስ ሠርቷል። በማኔል ቶሬስ የተፈለሰፈው ይህ ፈሳሽ ሟሚው ሲተን ፋይበሩ ተያይዞ ያልተሸመነ ጨርቅ ይሆናል። ትርኢቱ አሠራሩ ምን ያህል ፈጣን ሊሆን እንደሚችል ቢያሳይም የዕለት ልብስ ከዚያ በላይ ይጠየቃል፦ ደጋግሞ መታጠብ፣ መፋተግና መለጠጥ። በእነዚህ ፈተናዎች ለሸሚዝና ለውስጥ ልብስ ሽመናና ሹራብ አሁንም ይበልጣሉ። ያልተሸመነው ጨርቅ ብልጫ የሚያሳየው ጃኬት ውስጥ ሙቀት በሚይዝ ንጣፍ፣ በኮት ድጋፍ፣ ቆዳ መሰል በሆነ የላይ ልብስና በመከላከያ ልብስ ነው። ለሰውነት ጠጋ ብሎ የሚለበስ ልብስ ሲታሰብ ግን አንዱ መፍትሔ ቅልቅል ነው፤ በቆዳ በኩል ስስ ሹራብ፣ ከላይ በውሃ የተጠላለፈ ንጣፍ። ሁለት ዓይነት ጨርቆች አንድ ላይ ሲጣበቁ ግን መልሶ ጥቅም ላይ ማዋሉ ይከብዳል፤ ስለዚህ ከሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ፋይበር መምረጥ የዲዛይኑ የመጀመሪያ ውሳኔ መሆን አለበት።