የላሊበላ ሌሎቹ ቤቶች

ስለ ላሊበላ ሲወራ ወሬው ሁሉ ስለ ፍልፍሎቹ ነው። ይገባቸዋል። ግን ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ስለመዘገበው ስለዚህ ቦታ የሚሰጠው ገለጻ፣ ከ11ዱ አብያተ ክርስቲያናት አጠገብ ያለችውን መንደርም ያነሳል፤ ከአካባቢው ቀይ ድንጋይ የተሠሩ፣ ታችና ላይ ያላቸው ክብ ቤቶች። «የላስታ ቱኩል» ይላቸዋል። (ቱኩል ፈረንጆቹ የሚወዱት ቃል ነው፤ እኛ ጎጆ ነው የምንለው።)

እስቲ ቤቱን እንየው። ድንጋዩ በጭቃ እየተያያዘ በክብ ይካባል፤ ጣሪያው ሾጣጣ የሳር ክዳን ነው። ታችኛው ለከብት ወይም ለዕቃ፣ ላይኛው ለሰው። ደረጃው ከውጭ ግድግዳውን ታክኮ ይወጣል። ምህንድስና ለተማረ ሰው ደስ የሚለው ክብነቱ ነው። በድንጋይና በጭቃ ሥራ ቶሎ የሚላቀቀው ማዕዘን ነው፤ ክብ ቤት ደግሞ ማዕዘን የለውም። ከብቱ ከታች ሲያድር ሙቀቱ ወደ ላይ ይወጣል። ከተማዋ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች የሌሊቱ ብርድ አይቀለድበትም። ቤተ ክርስቲያኖቹ ከአለት ተፈልፍለው ወደ ታች ወረዱ፣ ቤቶቹ ከድንጋይ ተክበው ወደ ላይ ወጡ።

የሳር ክዳን ግን ብቻውን አይቆይም። የሚያቆየው ጭስ ነው። ምድጃው በነደደ ቁጥር ጭሱ በሳሩ መሃል ያልፋል፣ ነፍሳትን ያርቃል፣ እርጥበቱን ያደርቃል። እሳት የማይነድበት ጎጆ ክዳኑ ይበሰብሳል፤ ከዚያ ዝናቡ ግድግዳው ውስጥ ይገባል፣ ጭቃው ይታጠባል፣ ድንጋዩ ይለቃል። (እኛም ሶፍትዌር ሠሪዎቹ እናውቀዋለን፦ ማንም የማይነካው ኮድ ባለበት አይቆይም።)

ጣጣው እዚህ ጋ ነው። በዓለም ባንክ በተደገፈው የቱሪዝም ፕሮጀክት ጊዜ በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ የነበሩ ነዋሪዎች ተነሥተው ሌላ ቦታ ሰፈሩ። ምክንያቱ የውሸት አልነበረም፤ ከቅርሱ አፍ ላይ የመጸዳጃ ፍሳሽ ሲሰርግ ዝም ብሎ ማየት አይቻልም። የጭቃና የቆርቆሮ ቤቶቹ ፈረሱ። የድንጋይ ጎጆዎቹ ቅርስ ናቸው ተብለው እንዲቆሙ ተደረገ፣ ባለቤቶቻቸው ግን ሄዱ። ቤቱ ቅርስ ሆነ፣ ሰውየው ስጋት።

እ.ኤ.አ. በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ አንዳንድ ቤተ ክርስቲያኖች ላይ የተተከለው የብረት መጠለያ አገር አነጋግሯል፤ በ2018 ሕዝቡ ሰልፍ ወጥቶበታል። ለጎጆ ሰልፍ የወጣ አልሰማሁም።

የሚገርመው ጎጆ ማዳን ርካሽ መሆኑ ነው። የሚጠይቀው ሳር፣ እንጨት፣ ጭቃና ክዳን የሚያውቅ እጅ ነው፤ ያ እጅ ደግሞ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ባደገ ቁጥር ሙያውን ይረሳል። በእኔ ግምት መንደሩ እንዳለ ይመለስ ማለት አይቻልም። ፍሳሹ በቧንቧ ወደ ታች ከተወሰደ ግን ጥቂት ቤተሰቦች ወይም የቆሎ ተማሪዎች እዚያ ቢያድሩ ምን ይጎዳል? የእሳት አደጋው አለ፣ አልክድም። ድሮም ነበረ፤ ሰዎቹ ግን እሳቱን እየጠበቁ እዚያው ኖረዋል።