የለፋ ቆዳ

በቋንቋችን ሰው በሥራ ሲደክም «ለፋ» እንላለን፤ ቆዳም ድርቀቱን ትቶ ሲለሰልስ «ለፋ» እንላለን። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ግሥ መገናኘታቸውን ብዙዎቻችን ልብ ሳንለው እናልፋለን። ነገሩ ግን ግልጥ ነው፤ ቆዳ ልብስ የሚሆነው ሰው ከለፋበት በኋላ ነው። ዛሬ የምንጽፈው ስለዚህ ልብስና ስለ ሠሪው ሲሆን፥ መነሻችንን ከሰቆጣና ከዋግ ኽምራ ደጋ እናደርጋለን።

ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ጥንታዊት ከተማ ናት። የዋግሹሞች መቀመጫ ከመሆኗም ሌላ፥ ከአፋር በረሃ የሚወጣው አሞሌ ጨው ወደ መካከለኛው አገር ከሚያልፍባቸው ገበያዎች አንዷ ነበረች። ጨውም ትኩስ ቆዳ እንዳይበሰብስ ያቆየዋል። በደጋው ብርዱ ይበረታል፥ በግ ይረባል፤ ወደ ተከዜ በኩል ያለው የአበርገሌ ቆላ ደግሞ የፍየል አገር ነው። የእንስሳት ሊቃውንት የአገራችንን በጎችና ፍየሎች በየዝርያቸው ሲመድቡ አንዱን በግ በሰቆጣ፥ አንዱንም ፍየል በአበርገሌ ስም ጠርተዋቸዋል።

የቆዳ ልብስ በማዕረግ ይለያይ ነበር። ለምድ የሹምና የጀግና ነው፤ የአንበሳ ወይም የነብር ቆዳ በትከሻው የጣለ ሰው ማንነቱን መናገር አያስፈልገውም ነበር። ደበሎ ግን የእረኛው፥ የገበሬውና የቆሎ ተማሪው ነው፤ ይኸውም ጠጕሩ ሳይነሣ የለፋ የበግ ቆዳ ሲሆን ቀን ልብስ፥ ሌሊት መኝታ ይሆናል። ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ቆዳ የለበሱ መነኮሳትን ማየቱን ጽፏል።

ቆዳው የሚለፋው እንዲህ ነው። አስቀድሞ ሥጋውና ሞራው በስለት ይፋቃል፤ «ፋቂ» የሚለው ስም ከዚህ የመጣ ነው። ደበሎ ከሆነ የሥጋው ወገን በእምቧይ ፍሬ ይታሻል፤ ጠጕሩ የሚነሣለት ቆዳ ደግሞ በግራር ልጥ ውኃ ይዘፈዘፋል። ከዚያ በኋላ ቅቤ እያጠጡ መርገጥ፥ ማሸት፥ መጎተት ነው። ድካሙም ያለው እዚህ ላይ ነው። የቆዳ ውስጡ እጅግ በቀጠኑ ክሮች የተጠላለፈ ስለ ሆነ፥ ውኃው ሲለቅ ክሮቹ እርስ በርሳቸው ይጣበቁና ቆዳውን እንደ ሳንቃ ያደርጉታል። ልጡና ፍሬው ክሩን ከመበስበስ ይጠብቁታል፤ ቅባቱ በክርና በክር መካከል ገብቶ ያንሸራትተዋል። ይሁን እንጂ ቆዳው ሲደርቅ እጅ ካልተለየው በቀር ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። ደርቆ ካበቃ በኋላ ማሸት የጀመረ ሰው እንደ ገና አርሶ ከመጀመሪያው መነሣት ይገባዋል።

ይህን የተረዳ ሰው የአያያዙን ነገር ለማወቅ አይቸገርም። ዝናብ የመታው ደበሎ ከምድጃ ዳር አይሰቀልም፤ ያልለፋ ቆዳ ርሶ ሳለ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሙቀት ሲያገኘው ይኮማተራል፤ የለፋውም ጥቂት ቢታገሥ እንጂ ከዚህ አያመልጥም፥ የተኮማተረውም ወደ ቀድሞው አይመለስም። ስለዚህ በጥላ ተዘርግቶ፥ ርጥበቱ ሳያልቅ ታሽቶ፥ በስሱ ቅቤ ይቀባል። ቅቤው የበዛ እንደ ሆነ ይከረፋል፥ አቧራም ይሰበስባል። ታጥፎ ከተረሳም ብል ይበላዋል። እንዲያውም ጥንቃቄው የሚጀምረው በጉ በሕይወት ሳለ ነው፤ ቅማልና መሰል ተባዮች የሚያመጡት እከክ ፊቱን የሚያሳየው ቆዳው ከለፋ በኋላ ነውና። የኢትዮጵያ ደጋ በግ ቆዳ ስስ ሆኖ ሳለ ጠንካራ በመሆኑ በውጭ አገር ለእጅ ጓንት ይመረጣል፤ ይህንንም ስም እከክ ሲያጎድፍበት ቆይቷል።

እኛን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀን ግን ሌላ ነው። ከአንዲት ፍየል ቆዳ ብራናም ልብስም ሊወጣ ይችላል። ብራና አይለፋም፤ ተወጥሮ ይፋቃል፥ እንደ ተወጠረም ይደርቃል። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ ብራናውን ሲያነብ የሁለት ባለሙያዎች ድካም በአካሉ ላይና በእጁ ነበር። ብራና ፋቂውም ቆዳ ፋቂውም አንድ ስም አላቸው። የመጀመሪያው በደብር ሲከበር፥ ሁለተኛው በብዙ አገር በሙያው ይሰደብ፥ ርስት ይነፈግ፥ ከጋብቻም ይገለል ነበር። ሰዳቢውም ብርዱን የሚያልፈው ይኸው የተሰደበው ሰው ባለፋው ቆዳ ነበር።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል። አዋጅ የምላስን ልማድ ቶሎ አይለውጥምና ስድቡ ከአዋጁ በኋላ ብዙ ዘመን ቆየ። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ በጕልበቱ ለማረስ ለሚፈቅድ ሁሉ መሬት እንዲሰጥ ሲደነግግ፥ መሬት የለሽ ለነበረው ባለሙያም በሕግ በር ከፈተለት።

በዚያው ዘመን ግን ሙያው ራሱ ይመነምን ጀምሮ ነበር። የፋብሪካ ብርድ ልብስና ጃኬት የደበሎን ቦታ ያዙ። ለገበያ የሚቀርበው የበግና የፍየል ቆዳ ጨው ተነስንሶበት በነጋዴ እጅ ወደ ፋብሪካ ይሄዳል፤ እዚያም በክሮም በጥቂት ቀናት ይለፋል። እምቧዩ በየመንገዱ ዳር እንደ ቀድሞው ይበቅላል፤ ፍሬውን ለቆዳ ብሎ የሚለቅመው ግን ጥቂት ነው።