የኤፌሶን መልእክት በኮልፌ ቀራኒዮ

ሐዋርያው ጳውሎስ በእስር ሳለ እንደጻፈው የሚታመን፣ ቲኪቆስ ያደረሰው ባለ 6 ምዕራፍ መልእክት። በኢትዮጵያ ከሚቆጠሩት 14ቱ የጳውሎስ መልእክታት አንዱ ነው። ግእዙን ኢትዮጵያዊው መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን በሮም አሳትመውታል (እ.ኤ.አ. 1549)፤ የአቡ ሩሚ የአማርኛ ትርጉም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1829 ከሐዲስ ኪዳን ጋር ወጣ።

በምዕራብ አዲስ አበባ በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ መልእክቱ በሁለት ወግ ይሰማል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቅዳሴ ከጳውሎስ የሚያነበው ዲያቆኑ ነው፤ በጉባኤ ቤት ወግ መምህሩ ንባቡን እየቆረጡ «አንድም» እያሉ ያፍታቱታል። ወንጌላውያን በሳምንቱ መካከል በአባላት ቤት ተሰብስበው ጥቅስ በጥቅስ ያጠኑታል።

ልቡ ምዕራፍ 2 ነው። ሩቅ የነበሩት አሕዛብ ቤተሰብ ሆኑ፤ የሚለያየው ግድግዳ ፈረሰ ይላል። በኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ አሕዛብን የሚያግድ አጥር በእርግጥ ነበረ፤ አልፎ የሚገባ እንደሚሞት በግሪክኛ የሚያስጠነቅቀው ድንጋይ እ.ኤ.አ. በ1871 ተገኝቷል። ክርስቲያን ማንነቱን የሚያገኘው እንግዲህ ከትውልድ ሐረጉ ሳይሆን ከክርስቶስ ነው።

ስለ ጸጋ ሲነሣ ወንጌላውያን ቁጥር 8ን፣ ኦርቶዶክሳውያን ስለ በጎ ሥራ የሚናገረውን ቁጥር 10ን ያጠብቃሉ። ሁለቱ ግን የአንድ ሐሳብ መነሻና መድረሻ ናቸው፤ ነጥሎ ማስተማር ጳውሎስን ማጉደል ነው። አንባቢ ሆይ፣ ስድስቱን ምዕራፎች በአንድ ቁጭታ አንብብ።