በራዳር የሚታዩ፣ በዓይን የማይገኙ የባሕር ላይ ምልክቶች

ራዳር የሬዲዮ ሞገድ የሚልክና ከአንድ አካል ነጥሮ የተመለሰውን ሞገድ የሚቀበል መሣሪያ ነው፤ አሠራሩ ከገደል ማሚቶ ጋር ይመሳሰላል። ሞገዱ ሄዶ እስኪመለስ የወሰደውን ጊዜ ለክቶ የአካሉን ርቀት ያሰላል፤ በማሳያውም ላይ ነጥብ ያስቀምጣል። ይሁን እንጂ ነጥቡ እየታየ፣ በተመለከተው አቅጣጫ ምንም ነገር የማይገኝበት ጊዜ አለ። የቀድሞዎቹ የብሪታንያ ራዳር ሠራተኞች እንዲህ ያሉትን ምልክቶች «መላእክት» ይሏቸው ነበር።

ስያሜው ፈገግ ቢያሰኝም ምልክቶቹ ዋጋ ያስከፈሉበት ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1943 በአላስካ ኪስካ የተባለችውን ደሴት ከበው የነበሩ የአሜሪካ የጦር መርከቦች፣ በሌሊት በራዳራቸው የታዩትን ምልክቶች የጃፓን መርከቦች ናቸው ብለው ከ500 በላይ ከባድ የመድፍ ጥይቶች ተኮሱባቸው። ሲነጋ አንድም ፍርስራሽ አልተገኘም። መርከቦቹ ነዳጅና ጥይት ለመሙላት ከስፍራው ዞር ባሉበት ጊዜ፣ ጃፓን በጭጋግ ተከልላ ከ5,000 በላይ ወታደሮቿን ከደሴቲቱ አወጣች።

የተተኮሰው በምን ላይ እንደነበር እስከ ዛሬ ያከራክራል። አንደኛው ግምት የባሕር ወፎች መንጋ ነው። ሌላው የአየሩ ጠባይ ነው፤ በቀዝቃዛና እርጥብ አየር ላይ ሞቃትና ደረቅ አየር ሲነባበር፣ ሞገዱ ወደ ሰማይ በመውጣት ፈንታ የባሕሩን ወለል ተከትሎ እጅግ ሩቅ ይጓዛል። ከሩቅ ተራራ ነጥሮ ሲመለስም ራዳሩ ቀጣዩን ሞገድ ልኮ ስለሚቆይ፣ የሩቁን ተራራ በቅርብ እንዳለ መርከብ ይቆጥረዋል። በዚያው ጦርነት ወቅት ሕንድ ቦምቤይ የነበረ ራዳር ከሺህ ማይል በላይ የሚርቀውን የዓረብ ምድር ያሳየው በዚህ ምክንያት ነው።

አርሶ አደሩን በቀጥታ የሚመለከተው ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 በፋርስ ባሕረ ሰላጤ የነበረ የአንድ መርከብ ራዳር የበረሃ አንበጣ መንጋን አሳይቷል። የአንበጣ ሰውነት ውኃ ስላለበት ሞገድ ይመልሳል፤ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር መንጋ ውስጥ ደግሞ እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ሊኖር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1968 በኒጀር በረሃ አንበጣን በራዳር የማጥናት ሥራ ተጀመረ፤ ምልክቱም ከእንቆቅልሽነት ወደ ዕውቀት ምንጭነት ተሸጋገረ።

እ.ኤ.አ. በ2019 አገራችንን የወረረው መንጋም ከየመን ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነበር። መንጋ በነፋስ እየታገዘ በቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ባሕር አያግደውም። ሲመሽ ግን ያርፋል፤ መሬትና ዛፍ ላይ ያረፈውን ደግሞ ራዳር ለይቶ አያሳየውም። ያደረበትን ስፍራ ቀድሞ የሚያውቀው የአካባቢው ነዋሪ ነውና፣ ፀሐይ አሙቃው ከመነሳቱ በፊት መድኃኒት እንዲረጭ ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ በማታው ማሳወቅ ይገባል።