ከኮሌራው ሻይ እስከ እርሾው ከረጢት

እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ነው። ኢንዶቻይና በፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ሥር ናት፤ ኮሌራ ሰው ይፈጃል። አንሪ ቡላር የሚባል ፈረንሳዊ ተመራማሪ በወረርሽኙ መሐል አንድ ነገር አስተዋለ። ከአገሬው ሰዎች አንዳንዶቹ የላይቺና የማንጎስቲን ፍሬ ልጣጭ አፍልተው ይጠጣሉ፤ እነሱ ላይ በሽታው አይበረታም። ቡላር ፍሬውን ይዞ ላቦራቶሪ ገባ፣ ከውስጡም አንድ እርሾ ለይቶ አወጣ። እርሾው እስከ ዛሬ የሚጠራው በእሱ ስም ነው፦ ሳካሮማይሲስ ቡላርዲ።

ልጣጩን ያፈሉት ሰዎችስ? ታሪኩ በተነገረ ቁጥር “የአገሬው ሰዎች” ተብለው ይታለፋሉ፤ የአንዳቸውም ስም አብሮ አይነሳም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሁሌም ይከነክነኛል። የፈላ ውሃ እርሾን ይገድላል። ስለዚህ እነዚያ ሰዎች የዳኑት በእርሾው ነው ብሎ መደምደም ይከብዳል፤ ምናልባት ያዳናቸው የፈላ ውሃ መጠጣታቸው ብቻ ሊሆን ይችላል። ቡላር ግን ያገኘው ነገር እውነተኛ ሆኖ ተገኘ። እርሾው የዳቦና የጠላ እርሾ የቅርብ ዘመድ ነው፤ በሰው ሰውነት ሙቀት፣ በ37 ዲግሪ፣ በደንብ ያድጋል። ዛሬ በብዙ አገር በካፕሱልና በዱቄት መልክ ይሸጣል፣ በተለይ አንቲባዮቲክ የሚያስከትለውን ተቅማጥ ለመከላከል።

ችግሩ ሕይወት ያለው መሆኑ ነው። የመከላከል አቅማቸው በተዳከመና በትልቅ ደም ሥር ቱቦ በተገባላቸው ሕሙማን ላይ እርሾው ደም ውስጥ ገብቶ ኢንፌክሽን ያስከተለበት ጊዜ አለ። ሳይንቲስቶችን “እርሾውን ትተን ከእርሾው የሚወጣውን ብቻ ብንወስድስ?” ከሚያሰኙት ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

ከእርሾው የሚወጣው ምንድን ነው? ሴሎች በስብ ሽፋን የተጠቀለሉ ጥቃቅን ከረጢቶችን ወደ ውጭ ይለቃሉ። ስፋታቸው የአንድ ሚሊሜትር አሥር ሺኛ አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ፒተር ዎልፍ የተባለ እንግሊዛዊ በደም ውስጥ ሲያያቸው “የፕላትሌት አቧራ” አላቸው። በ1983 ደግሞ ሞንትሪያል ላይ የሮዝ ጆንስተን ቡድን፣ ሴንት ሉዊስ ላይ የፊሊፕ ስታል ቡድን፣ አንዱ በበግ ሌላው በአይጥ ደም፣ ተመሳሳይ ነገር አዩ፤ ለጋ ቀይ የደም ሴል ሲጎለምስ የማያስፈልገውን ፕሮቲን በከረጢት አድርጎ ይጥላል። “ኤክሶሶም” የሚለውን ስም ያወጣችላቸው ጆንስተን ናት። ለብዙ ዓመታት ግን ነገሩ እንደ ሴል ቆሻሻ መጣያ ነበር የሚታየው። ስለ ቆሻሻ ማን ገንዘብ ይመድባል?

ነገሩ የተገለበጠው በ2007 ነው። ስዊድን፣ ጎተንበርግ ያሉ ተመራማሪዎች ከረጢቶቹ አር ኤን ኤ ከሴል ወደ ሴል እንደሚያደርሱ አሳዩ። ቆሻሻ የተባለው ደብዳቤ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ዓመት ክሪፕቶኮከስ የተባለው ፈንገስ ከረጢቶቹን ወፍራም ግድግዳውን አሳልፎ እንደሚያወጣ ታወቀ፤ የእርሾዎቹም ከረጢት ተከትሎ ተጠና።

እንግዲህ ሐሳቡ ቀላል ነው። የቡላርን እርሾ አሳድግ፣ ከረጢቶቹን ለይ፣ መድኃኒት ሙላባቸው። ከረጢት አይራባም፤ ደም ውስጥ ቢገባ እንደ እርሾው አያድግም። እርሾ ደግሞ በስኳር የሚያድግ ርካሽ ፍጥረት ነው፤ የሰው ሴል አሳድጎ ከረጢት ማምረት ግን እጅግ ውድ ነው። ለድሃ አገር ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም። ሆኖም ሥራው ገና በላቦራቶሪና በእንስሳት ደረጃ ነው፤ ለሕመምተኛ የተፈቀደ የእርሾ ከረጢት መድኃኒት የለም። ከረጢቶቹን አጣርቶ መለየት፣ እያንዳንዱን ምርት አንድ ዓይነት ማድረግ፣ በቂ መድኃኒት መሙላት፣ ሁሉም ያልተፈቱ ራስ ምታቶች ናቸው።

ቢሳካ ባለቤቱ ማን ይሆናል? የእኛን ጤፍ እናስታውስ። የጤፍ ዱቄት የባለቤትነት መብት በአውሮፓ ለአንድ የሆላንድ ኩባንያ ተሰጥቶ ነበር፤ የሄግ ፍርድ ቤት ሆላንድ ውስጥ ውድቅ ያደረገው በ2018 ነው። በ2010 የጸደቀውና ኢትዮጵያም አባል የሆነችበት የናጎያ ፕሮቶኮል የማኅበረሰብ ዕውቀት ባለቤቶች ከጥቅሙ እንዲካፈሉ ይላል። ወደ ኋላ ተመልሶ ግን የ1920ዎቹን ልጣጭ አፍዪዎች አይደርስባቸውም።