የሦስት ቀን ጥበቃ፦ ከሱሉልታ በረት እስከ ብርሃን ቺፕ

ከባቻችን ብዙዎቹ ዛሬ የሚኖሩት ከከተማ ወጣ ብለው ቡራዩ፣ ሰበታ ወይም ሱሉልታ ነው። ጠዋት ጠዋት ወተት ከጎረቤት በጆግ ይመጣል። አፍልተን እንጠጣለን፤ «ጥሬው ነው የሚጥመው» የሚልም አይጠፋም። ለዘንድሮው መጽሔት ስለ ብርሃን ቺፕ ልጽፍ ነው ስላችሁ «ምን አገናኘን?» ብላችሁኝ ነበር። የሚያገናኘን ይኸው ወተት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት፣ ሰበታንና ሱሉልታን ጨምሮ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ወደ 3,000 የሚጠጉ የወተት ከብቶችን መርምሮ ነበር። 30 በመቶ ያህሉ የከብት ሳንባ ነቀርሳ ምልክት አሳዩ። ምርመራው ደግሞ ጊዜ ይፈጃል። ሐኪሙ የላሟን አንገት ላጭቶ ቱበርኩሊን ይወጋታል፤ ከ72 ሰዓት በኋላ ተመልሶ የቆዳዋን እብጠት ይለካል። ቱበርኩሊንን ሮበርት ኮክ ለዓለም ያስተዋወቀው በ1890 ነው፤ ከዓድዋ ድል 6 ዓመት ይቀድማል ማለት ነው! በሦስቱ ቀን ውስጥ ላሟ ገበያ ወጥታ ልትሸጥም ትችላለች።

ሌላ መንገድ የተከፈተው በ1983 ነው። ሊድበርግ፣ ኒላንደርና ሉንድስትሮም የተባሉ የስዊድን ተመራማሪዎች፣ ፕሮቲን በስስ ብረት ላይ ሲጣበቅ ከብረቱ የሚመለሰው ብርሃን እንደሚለወጥ አሳዩ። በ2007 የቤልጅየሙ የጌንት ዩኒቨርሲቲ ሐሳቡን ወደ ሲሊኮን ቺፕ አመጣው። ከፀጉር እጅግ የቀጠነ ቦይ ክብ ሆኖ ይሠራል፤ ብርሃን ውስጡ ይዞራል፤ ጥቂቱ ግን ከግድግዳው ወጣ ይላል። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ፀረ እንግዳ አካል የሚፈለገውን ፕሮቲን ሲይዝ፣ ቦዩ የሚቀበለው የብርሃን ሞገድ ርዝመት በጥቂቱ ፈቀቅ ይላል። የሚለካው ያቺ ፈቀቅታ ናት።

ጣጣው ንድፉ ላይ ነው። ብርሃኑን አጥብቀህ ከያዝከው ናሙናውን አይነካም፤ ካላላኸው ደግሞ መታጠፊያው ላይ ይፈስሳል። ይህን እያመረቱ እየጣሉ አይሞክሩትም፤ ኮምፒውተር ላይ ያሰሉታል። ኬን ዪ በ1966 ያወጣው ዘዴ፣ አራት ኪሎ እያለን እንቅልፍ የነሱንን የማክስዌል እኩልታዎች፣ ቦታንና ጊዜን ቆራርጦ ደረጃ በደረጃ ይፈታቸዋል።

በዚህ ሙያ ከኛ ሰው አለ። ትውልደ ኢትዮጵያዊው ዶክተር ሰሎሞን አሰፋ አይቢኤም ሳለ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጥ በሲሊኮን ቺፕ ላይ የሚሠራ መሣሪያ ከባልደረቦቹ ጋር ሠርቶ በ2010 «ኔቸር» ላይ አሳትሟል። የሱ ሥራ ለኮምፒውተሮች ግንኙነት ነበር እንጂ ለላም አልነበረም፤ እኩልታው ግን አንድ ነው።

ታዲያ ላሟ ጋ ለመድረስ ምን ይጎድላል? ጥያቄውን የሚያውቅ ሰው። ቺፑ የታዘዘውን ፕሮቲን ይይዛል እንጂ የትኛውን መፈለግ እንዳለበት አያውቅም። የሳንባ ነቀርሳ መጀመሪያ ላይ የላሟ ደም ውስጥ ፀረ እንግዳ አካል እምብዛም አይገኝም፤ ይህን ሳያውቅ የነደፈ ሰው ያማረ ግን ዕውር ቺፕ ይዞ ይቀራል። ይህን የሚነግረው የእንስሳት ሐኪሙ ነው። አገር አቀፉ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ደግሞ እዚሁ ሰበታ ነው።

ንድፉ ፋብሪካ አይጠይቅም፤ ኮምፒውተርና ትዕግሥት ይበቃዋል። እንግዲህ ከመካከላችን ፊዚክስ የምታስተምሩ፣ ተማሪዎቻችሁን አንድ ቀን ሚኒባስ አሳፍራችሁ ሰበታ ውሰዷቸው። የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ርዕስ ከበረቱ ይዘው ይመለሳሉ። እስከዚያው ግን፣ አደራ፣ ወተቱን አፍሉት።