የመንዝ ብር ከቡና በፊት

የብር የሻይና የቡና ዕቃ፣ ማንቆርቆሪያው፣ የስኳርና የወተት መያዣው ከነዝርግ ትሪው፣ በአገራችን የቤተ መንግሥትና የመኳንንት አዳራሽ ጌጥ ሆኖ ኖሯል። በመንዝ ግን የሞላሌና የማማ ምድር ሰው ቡናን የሚያውቀው በሸክላ ጀበና ነው። ለዚህ ምክንያቱ የአቅም ማነስ ብቻ አይደለም።

ቡና ራሱ ለሸዋ ክርስቲያን የተፈቀደው ዘግይቶ ነው። ካህናቱ የእስላም መጠጥ ነው እያሉ ያወግዙት ነበር። በ1870ዎቹ ምኒልክ ራሳቸው ቡና ይጠጡ ስለ ነበር፣ አቡነ ማቴዎስም የካህናቱን ጥርጣሬ ስላለዘቡ ነገሩ ተለወጠ። ብር ግን ከቡናው በፊት በደጋው ነበር። የሸዋ ነገሥታት ዘር ከመንዝ የተነሣ ነው፤ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ለጀግና የሚሰጠው ሽልማት የብር ቢተዋ (የክንድ ጌጥ) ነበር፤ የመኳንንቱ ጋሻም በብር ያጌጥ ነበር። የሴቶቹ የአንገት መስቀልም እንዲሁ ከብር ይሠራ ነበር።

ያ ሁሉ ብር ከየት መጣ? አንጥረኛው የሚያቀልጠው ጠገራ ብር፣ ማለትም ማርትሬዛ ነበር። ከ1780 ወዲህ በየትኛውም ዓመት ቢታተም 1780 የሚል ዓመት ያለበት ይህ የኦስትሪያ ገንዘብ 28 ግራም ይመዝናል፤ ከሺህ እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። እስቲ እናስላው፦ ሁለት ኪሎ የሚመዝን፣ ከሺህ እጅ 925ቱ ንጹሕ የሆነ የእንግሊዝ የቡና ዕቃ ወደ 80 ጠገራ የሚጠጋ ንጹሕ ብር ይዟል። አንድ የመንዝ ገበሬ እንዲህ ያለ ሀብት ለማንቆርቆሪያ አያውለውም ነበር። አንዱን ጠገራ አስቀልጦ ለልጁ መስቀል ያሠራ ነበር፤ እኔ ይህን የላቀ ጥበብ እላለሁ።

የእንግሊዙ ዕቃ ሆዱ ላይ የሠሪው ማኅተም፣ የከተማውና የዓመቱ ምልክት አለበት። በእኛ መስቀልና ቢተዋ ላይ ግን የሠሪው ስም አልተጻፈም። ባለእጁ በጥበቡ እየተፈለገ በሰውነቱ ይናቅ ነበርና። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ ያወጁት ንቀቱ ሥር የሰደደ ስለ ነበረ ነው። አዋጁ ቢወጣም የአንጥረኞቹ ስም ሳይመዘገብ ቀረ።

በእጃችሁ የአያት መስቀል፣ ቢተዋ ወይም ጠገራ ያላችሁ የመንዝ፣ የግሼና የመርሐ ቤቴ ልጆች፣ እባካችሁ ለማቅለጥ አትስጡት። ማን እንደ ሠራው የሚያውቅ ሽማግሌ በሕይወት ካለ ጠይቁና የአንጥረኛውን ስም፣ የአገሩን ስምና የተሠራበትን ዘመን ጽፋችሁ ከዕቃው ጋር አስቀምጡ።